«እማማ አልበላም አሉ»፦ ጥርሳቸውን አሟቸው ቢሆንስ?

እማማ ከትናንት ጀምሮ ምግብ እምቢ ብለዋል። እንጀራ ሲቀርብ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ልጃቸው ላጉርስዎት ስትል እጇን ገፉት። ቤተሰቡም «በሽታው ብሶባቸዋል» ብሎ ደመደመ። አፋቸውን ያየ ግን የለም።

ይህ የፈጠርነው ታሪክ ነው፤ ግን የመርሳት በሽታ ወይም ዲሜንሺያ ያለበት ሰው በሚኖርበት ቤት ሁሉ ሊያጋጥም ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ። ስለ መርሳቱ ብዙ ይወራል። ስለ አፋቸው ግን ማን ያወራል? ዛሬ እኛ እናውራ።

ለምን አፍ?

በሽታው እየገፋ ሲሄድ ሰው ጥርሱን መቦረሽ ይረሳል፤ ወይም ብሩሹን ይዞ ምን እንደሚያደርግበት ግራ ይገባዋል። በዚያ ላይ ለድብርትና ለመሳሰሉት የሚታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶች አፍ ያደርቃሉ። ምራቅ ደግሞ የጥርስ ጠባቂ ነው፤ ሲቀንስ ጥርስ ቶሎ ይበላሻል። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ ሲጨመርበት አስቡት።

ከባዱ ነገር ግን «ጥርሴን አመመኝ» ማለት ሲያቅታቸው ነው። ያኔ ሕመሙ በሌላ መንገድ ይወጣል። እነዚህን ልብ በሉ፦

• ቆሎ ወይም ደረቅ ዳቦ ከተዉ፣ በአንድ በኩል ብቻ ካኘኩ
• ጉንጫቸውን ደጋግመው ከያዙ
• ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን አላደርግም ካሉ
• እንቅልፍ ካጡ፣ ያለወትሯቸው ከተቆጡ
• የአፋቸው ጠረን ከተቀየረ፣ ድዳቸው ከደማ

ጉዳዩ የጥርስ ብቻም አይደለም። ያልጸዳ አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች፣ በተለይ መዋጥ በሚቸግረው ሰው ላይ፣ ወደ ሳንባ ገብተው የሳንባ ምች ሊያመጡ ይችላሉ።

እሺ፣ አፌን አልከፍትም ካሉስ?

አሜሪካዊቷ የነርሲንግ ተመራማሪ ሪታ ጃብሎንስኪ ይህንኑ ጥያቄ አጥንታለች። የሥራዋ ፍሬ ነገር ቀላል ነው፤ እምቢታው ብዙ ጊዜ ግትርነት ሳይሆን ፍርሃት ነው። የማታውቁት ሰው ድንገት መጥቶ አፋችሁ ውስጥ ዕቃ ሊከት ቢሞክር ዝም ትላላችሁ? በዚያች ሰዓት ለእማማ ያ የማይታወቅ ሰው እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ስለዚህ ዘዴው ፍርሃቱን መቀነስ ነው፦

1. ከኋላ አትምጡ። ፊት ለፊት፣ በዓይናቸው ልክ ዝቅ ብላችሁ፣ ፈገግ ብላችሁ ቅረቡ። እንደ ሕፃን ግን አታናግሯቸው።
2. በቃል ከማዘዝ ይልቅ አሳዩ። የራሳችሁን ብሩሽ ይዛችሁ አብራችሁ ቦርሹ።
3. እናንተ ጀምሩላቸው፣ እሳቸው ይጨርሱት። ካልሆነ ብሩሹን ያስይዟቸውና እጃችሁን በእጃቸው ላይ አድርጋችሁ አግዟቸው።
4. ከተቆጡ ተዉት። ቆይታችሁ ሞክሩ፣ ወይም ሌላ ሰው ይተካችሁ። በግድ አፍ መክፈት ነገን ያበላሻል።

መፋቂያስ?

በመፋቂያ ላደጉ እናት የፕላስቲክ ብሩሽ እንግዳ ነገር ሊሆን ይችላል። ዕድሜ ልክ የተለመደ የእጅ ሥራ ደግሞ ስምና ቀን ከተረሱም በኋላ ብዙ ጊዜ ይቆያል። የወይራ መፋቂያ ስትሰጧቸው እጃቸው ራሱ ሥራውን ሊያስታውስ ይችላል። አጠገባቸው ሁኑ እንጂ፤ ስንጥሩ ሊያንቃቸው ይችላል። ፍሎራይድ ያለውን የጥርስ ሳሙና ግን መፋቂያ አይተካውም።

የየቀኑ ሥራ

በቀን ሁለቴ፣ አንዱ ከመኝታ በፊት ይሁን። ብሩሹ ትንሽና ለስላሳ ይሁን፤ ተኝተው ሳይሆን ቀና ብለው ተቀምጠው ይቦረሹ። መትፋት ካቃታቸው ሳሙናው ስስ ቅብ ብቻ ይሁን። ጣታችሁን በጥርሳቸው መሃል አታስገቡ፤ ሳያስቡት ሊነክሱ ይችላሉ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ማታ ወልቆ ይታጠብና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይደር፤ የፈላ ውሃ ቅርጹን ያበላሸዋል። ጥርስ የሌለው ሰውም ድዱና ምላሱ መጽዳት አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ አታዘግዩ። በሽታው እንደታወቀ፣ ገና ወንበር ላይ ተቀምጠው የት እንደሚያማቸው መናገር ሲችሉ፣ ጥርስ ሐኪም ጋ ውሰዷቸው። ነገ የሚከብደው ሕክምና ዛሬ ቀላል ነው። ፊታቸው ካበጠ ወይም ከሕመሙ ጋር ትኩሳት ካለ ግን የዚያኑ ቀን ሐኪም ይያቸው።

እንግዲህ እማማ አልበላም ሲሉ «ብሶባቸዋል» ከማለታችሁ በፊት ቀስ ብላችሁ አስፈቅዱና የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ አፋቸውን እዩ። አንድ የተሰበረ ጥርስ ሊሆን ይችላል እኮ።

አያት የሚያስታምም ጓደኛ ካላችሁ ይህን ላኩለት።