ተድሞር፣ ጂኒዎች ሠሯት የተባለችው የሲራራ ነጋዴዎች ከተማ

ሁለተኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 8 ንጉሥ ሰሎሞን በምድረ በዳ ስለሠራት ስለ ተድሞር ያወሳል። ግሪኮችና ሮማውያን ፓልሚራ ያሏት፣ በሶርያ በረሃ የምትገኘው ከተማ ናት። ዐረቦችም ያን ሁሉ የድንጋይ ዓምድ የሰው ክንድ አያቆመውም ብለው፣ ሰሎሞን ጂኒዎችን አዝዞ አሠራት ይላሉ። ይሁንና በጥንቷ የማሪ ከተማ የተገኙ የሸክላ ጽላቶች ተድሞርን የሚጠቅሷት ከሰሎሞን ስምንት መቶ ዓመት ያህል ቀድመው ነው።

እኔ ከጂኒዎቹ ይልቅ ነጋዴዎቿ ይደንቁኛል። ከደማስቆ 215 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ድኝ ድኝ በሚሸተው የኤፍቃ ምንጭ ዳር የተቆረቆረችው ከተማ ኑሮዋ ቅፍለት ነበር። ሰዎቿ የሕንድን ቅመምና የቻይናን ሐር ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ተቀብለው፣ በረሃውን በግመል አቋርጠው ለሮም ገበያ ያደርሱ ነበር። ቅፍለቱን ከሽፍታ ጠብቆ በደኅና ላስገባ ሰው ሐውልት ይቆምለታል። በባሕርም አልቦዘኑም፦ ከአፍሪካ ቀንድ ማዶ ባለችው በሶቆጥራ ደሴት፣ ዋሻ ውስጥ፣ አብጋር የተባለ የተድሞር ሰው እ.ኤ.አ. በ258 ያኖረው የእንጨት ጽላት ተገኝቷል።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የ137ቱ የቀረጥ ድንጋይ ነው። የድሮው ደንብ ብዙውን ዕቃ በስም ስላልጠቀሰ ቀረጥ የሚከፈለው በልማድ ነበር፤ ነጋዴና ቀራጭም ዘወትር ይጣላሉ። የከተማው ሸንጎ ታዲያ ባሪያው፣ በፍየል አቁማዳ የተጫነው ዘይትና በጨው የደረቀው ዓሣ ስንት እንደሚከፈልበት በግሪክኛና በራሳቸው አረማይክ አስቀርጾ፣ ሁሉ እንዲያየው አደባባይ አቆመው። ድንጋዩ ዛሬ ሩሲያ፣ ሴንት ፒተርስበርግ፣ በሄርሚታዥ ሙዚየም ይገኛል።

የተድሞር ንግሥት ዘኖቢያ ባሏ ከተገደለ በኋላ በልጇ ስም ገዝታ፣ በ270 ግብፅን ከሮም እጅ ነጠቀች። በ272 ንጉሠ ነገሥት አውሬልያን ማረካት። ፍጻሜዋን አንዱ በወርቅ ሰንሰለት ታስራ በሮም ጎዳና ተነዳች ሲል፣ ሌላው በመንገድ ሞተች ይላል። ከተማዋ በዓመቱ ዳግም ስታምፅ ተዘረፈች፤ ከዚያ ወዲያ የቀድሞ ክብሯ አልተመለሰም።

እ.ኤ.አ. በ2015 አይ ኤስ የተባለው ታጣቂ ቡድን በ32 የተመረቀውን የቤል ቤተ መቅደስ በፈንጂ አፈረሰ። የተድሞርን ቅርስ 40 ዓመት ያህል በኃላፊነት የጠበቁትን አረጋዊ የአርኪዮሎጂ ሊቅ፣ ካሊድ አል አስዓድንም በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ገደላቸው። የተድሞርን ታሪክ የምታወሩ ሁሉ፣ ከዘኖቢያ ጋር የእኚህንም ሰው ስም አንሡ።