መጽሐፉ ቢታገድ ነገሩ ይታገዳልን?



ኤረርን የምታውቋት ታውቋታላችሁ። ከድሬዳዋ ወደ አዋሽ በሚወስደው በድሮው የባቡር መስመር ላይ ያለች፣ በፍል ውኃዋና በፍራፍሬዋ የምትታወቅ ከተማ ናት። ወደዚያ ጎራ ባልንበት ቀን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ፣ ትምህርቱን ሊጨርስ የተቃረበ አንድ ወጣት ያነሳው ጥያቄ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን።

«አንድ ሰው ከመሪ ጎን ተቀምጦ፣ ደመወዙን እየበላ፣ ምስጢር ሲሰማ ኖሮ፣ በወጣ ማግስት መጽሐፍ ቢጽፍበት አማና መብላት አይደለምን? መሪውስ በሕግ ላሳግደው ቢል ምን ጥፋት አለበት?» አለ።

ከአጠገባችን የነበሩ፣ ዕድሜያቸውን በባቡር ሥራ ያሳለፉ አንድ ሽማግሌ ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ከዚያ በፊት ሌላ ነገር ጠይቅ። አማናው የማን ነው? የሰውየው ነው ወይስ የሕዝቡ?» አሉት።

«አዴር፣ አልገባኝም» አለ ወጣቱ በአክብሮት።

«ኦሮማይን በጨርቅ ጠቅልለን እየደበቅን ላነበብን ሰዎች ይገባናል» አሉና ሻያቸውን አነሱ። ጨዋታው እዚያ ላይ ቢቋረጥም ጥያቄው ግን ከእኛ ጋር ተሳፍሮ መጣ። እስቲ በየተራ እንየው።

ዳኛ ያልተሰየመበት እገዳ

በዓሉ ግርማ ከውጭ ሆኖ መንግሥትን የሚተች ሰው አልነበረም። በኢሉባቦር ተወልዶ፣ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተምሮ፣ በአሜሪካ ሚቺጋን ትምህርቱን አጠናቅቆ የተመለሰ ጋዜጠኛ ነበር። «መነን»ን የመሳሰሉ መጽሔቶችንና «አዲስ ዘመን»ን የመሳሰሉ ጋዜጦችን በአዘጋጅነት መርቷል። በደርግ ዘመን በማስታወቂያ ሚኒስቴር ውስጥ ከከፍተኛዎቹ ባለሥልጣናት አንዱ ሆነ። በ1974 ዓ.ም. መንግሥት «ቀይ ኮከብ» ብሎ በሰየመው ዘመቻ ወደ ኤርትራ ሲዘምት፣ በዓሉም ከፕሮፓጋንዳው ክፍል ሰዎች ጋር አስመራ ገባ። ዘመቻው የታለመለትን አላገኘም፤ ናቅፋም አልተያዘችም።

በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ታተመ። ልብ ወለድ ነው፤ የሰዎቹም ስም የፈጠራ ስም ነው። ዳሩ ግን ዘመቻውን ከውስጥ ያየ ሰው የጻፈው ስለነበር፣ አንባቢው ከታሪኩ ጀርባ እውነተኞቹን ባለሥልጣኖች ለይቶ ለማወቅ አልተቸገረም። መጽሐፉ የጦርነቱን ከንቱነት፣ የስብሰባውን ጋጋታ፣ በየግንባሩ የሚረግፈውን ወጣት አሳየ። ርዕሱም በአስመራ ሰዎች አፍ «አለቀ፣ አበቃለት» ለማለት የሚነገር ቃል ነው።

በዚያን ጊዜ ሳንሱር ሳያየው የሚታተም መጽሐፍ አልነበረም። «ኦሮማይ»ም በድብቅ የተባዛ ወረቀት ሳይሆን በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በይፋ የታተመ መጽሐፍ ነበር። ሆኖም ብዙ ሳይቆይ ከየመደብሩ ተሰበሰበ። በዓሉም ከሥራው ተባረረ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። ከሳሽ አልቀረበም፤ ክስ አልተጻፈም፤ ዳኛ አልተሰየመም። የትኛው ገጽ ሐሰት እንደሆነ፣ የትኛውስ የአገር ምስጢር እንደሆነ የተናገረ የለም። ደራሲው «ይህን ያልሁት ስለዚህ ነው» ብሎ የሚቆምበት ሸንጎም አልነበረም። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ማታ ከቤቱ የወጣው በዓሉ ግርማ ሳይመለስ ቀረ። መኪናው ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች። ሚስቱና ልጆቹ ሬሳውን ተቀብለው አልቀበሩም፤ መቃብሩም እስከ ዛሬ አልታወቀም።

መጽሐፉስ? ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ተነበበ፤ ከደርግ ውድቀት በኋላም እንደገና ታተመ። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በለንደንና በኒውዮርክ አሳታሚዎች ወጣ። ያሳገዱት ሰዎች ግን ግንቦት 1983 ዓ.ም. ላይ ተበተኑ። መሪያቸው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ዚምባብዌ ሸሹ፤ እዚያ ሆነውም በተራቸው «ትግላችን» የተሰኘ መጽሐፍ ጻፉ። በ2004 ዓ.ም. መጽሐፋቸው ገና ገበያ ላይ ሳይውል በኮምፒውተር ተቀድቶ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። የሰው መጽሐፍ ከየመደብሩ ያስለቀመ መንግሥት መሪ የነበሩ ሰው የራሳቸውን መጽሐፍ ጉዞ መቆጣጠር ተሳናቸው።

ዳኛ የተሰየመበት እገዳ

አሁን ደግሞ ወደ ሌላ አገር እንሻገር። ጆን ቦልተን ከ2018 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪ ነበሩ። ከሥራው ከወጡ በኋላ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ያዩትንና የሰሙትን ጽፈው ለኅትመት አበቁ። መጽሐፉ ሊወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ጁን 16 ቀን 2020፣ የትራምፕ መንግሥት ፍርድ ቤት ቀርቦ «ቦልተን ምስጢር ለመጠበቅ ፈርመዋል፤ ጽሑፉም ተመርምሮ አላለቀም፤ ይታገድልን» ሲል ከሰሰ።

ዳኛው ሮይስ ላምበርዝ በአራተኛው ቀን ውሳኔያቸውን ሰጡ። ቦልተንን አላመሰገኑም። እንዲያውም ምርመራው ሳያልቅ ለኅትመት በመቸኮላቸው በአገር ደኅንነት ላይ ቁማር እንደተጫወቱ ገሠጿቸው። እገዳውን ግን አልፈቀዱም። ምክንያቱም ከ200,000 በላይ ቅጂዎች አስቀድመው ወደየመጽሐፍ መደብሩ ተልከው ነበር። ፈሶ ያለቀን ውኃ ማን ያፍሰዋል? መጽሐፉም በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ወደ 780,000 ቅጂ መሸጡን አሳታሚው አስታወቀ። ክሱ ያለ ማስታወቂያ ሳያሻሽጠው አልቀረም። መንግሥት የጀመረውን ክርክር ተተኪው አስተዳደር በ2021 አቋረጠው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ለሙስሊሞች የሚያመን ጎን አለው። ቦልተን ከጻፏቸው ነገሮች አንዱ በቻይና ስለሚኖሩት የኡይጉር ሙስሊሞች ነው። እንደ ጸሐፊው አባባል፣ በ2019 በጃፓን ኦሳካ በተደረገው ጉባዔ የቻይናው መሪ ሺ ጂንፒንግ በሺንጂያንግ ካምፕ የሚሠሩበትን ምክንያት ለትራምፕ ሲያስረዱ፣ ትራምፕ ሥራውን እንዲቀጥሉ ነግረዋቸዋል። ትራምፕ ነገሩን ክደዋል። ይህ ወሬ በጋዜጦች በወጣበት ዕለት፣ ጁን 17 ቀን 2020፣ ትራምፕ የኡይጉሮችን ሰብአዊ መብት የሚመለከተውን ሕግ ፈረሙ።

እንግዲህ ተመልከቱ! መጽሐፉ ታግዶ ቢሆን ኖሮ፣ የብዙ ሺህ እስረኛ ቤተሰብ ዕጣ የተነሳበት ንግግር ከአራት ግድግዳ ባልወጣ ነበር። አንዱ ሲል ሌላው ሲክድ እንኳ ሕዝብ ሰምቶ መመዘን ቻለ።

ይሁንና ቦልተንንም ነፃ አናወጣቸውም። በ2019 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የአሜሪካ ምክር ቤት በትራምፕ ላይ ክስ ለመመሥረት ሲያጣራ፣ ቦልተን በተወካዮች ምክር ቤቱ ፊት ቀርበው ሳይመሰክሩ ቀርተዋል። ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት «መጥሪያ ከደረሰኝ እመሰክራለሁ» ቢሉም መጥሪያው አልተላከም። በነፃ ሊሰጥ ይገባ የነበረው ምስክርነት በመጽሐፍ ዋጋ ተሸጠ ብለው የወቀሷቸው ጥቂቶች አልነበሩም። በቁርኣን በሱረቱል በቀራ ምስክርነትን መደበቅ የልብ ኃጢአት መሆኑ ተነግሮናል። የምስክርነት ጊዜ ካለፈ በኋላ የሚወጣ እውነት፣ እውነትነቱ ባይጠፋም ለተበዳዩ ሳይደርስ ይቀራል።

የሐኪሙ ምስጢር

«ታዲያ ማንም የሰማውን ሁሉ ይጻፍ ማለት ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም! የሚከተለውን ያስተውሏል።

የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ፍራንሷ ሚተራን ጃንዋሪ 8 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. ሞቱ። በዘጠነኛው ቀን ለብዙ ዓመታት ያከሟቸው ዶክተር ክሎድ ጉብለር «ታላቁ ምስጢር» የሚል መጽሐፍ አወጡ። በእርሳቸው አገላለጽ ፕሬዚዳንቱ ካንሰር እንዳለባቸው የታወቀው በ1981፣ ሥልጣን በያዙበት ዓመት ነበር። ሆኖም ለሕዝብ ይሰጥ የነበረው የጤና መግለጫ ደኅና ናቸው የሚል ነበር። ቤተሰቡ ሐዘን ላይ እንዳለ ፍርድ ቤት ሄደ፤ መጽሐፉም በማግስቱ ታገደ። እስከዚያ ድረስ ግን 40,000 ያህል ቅጂ ተሽጦ ነበር። ሐኪሙ ተፈረደባቸው፤ ከሐኪሞች መዝገብም ተሰረዙ።

አሳታሚው ተስፋ ሳይቆርጥ ጉዳዩን ወደ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ወሰደው። ይኸው ፍርድ ቤት በ2004 የሰጠው ውሳኔ ማስተዋል ያለበት ነው። ሬሳው ሳይደርቅ፣ ቤተሰቡ በሐዘን ላይ እያለ የተሰጠው ጊዜያዊ እገዳ ተገቢ ነበር አለ። ወራት ካለፉ፣ ነገሩም ዓለም ካወቀው በኋላ ለዘለዓለም ማገድ ግን ሐሳብን የመግለጽ መብት መጣስ ነው ሲል ወሰነ።

ሚዛኑን አያችሁን? የታማሚ ገመና አማና ነው፤ ሐኪም ሊያወጣው አይገባም። ሕዝብን የሚያሳስት መግለጫ እየፈረሙ ዓመታት መቆየት ግን ከመጀመሪያው አማና ሊሆን አይችልም።

በእኛ መንደርስ?

ከጂግጂጋ አንድ ምሳሌ እናንሳ። አብዱላሂ ሁሴን አቶ አብዲ መሐመድ ዑመር የሶማሌ ክልል ፕሬዚዳንት በነበሩበት ዘመን ለክልሉ አስተዳደር በመገናኛ ብዙኃን ሥራ ያገለግል ነበር። ከአገር ሲወጣ የያዘው መጽሐፍ ሳይሆን ከ100 ሰዓት በላይ የሆነ የቪዲዮ ምስል ነበር። ምስሉ በ2013 እ.ኤ.አ. በስዊድን ቴሌቪዥን ቀረበ። ይህን ሰው ምስጢር አወጣ እንበለው ወይስ መሰከረ? በየእስር ቤቱ ወንድም ወይም አባት የነበረበት ቤተሰብ መልሱን ለመስጠት አይቸገርም። አቶ አብዲ ከሥልጣን ወርደው በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ታሰሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ።

በአገራችን ሕግ የሳንሱር ሥርዓት በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ዐዋጅ ተሽሯል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ማናቸውንም ቅድመ ምርመራ ይከለክላል። በዚያው አንቀጽ የሰው ክብርና መልካም ስም በሕግ ሊጠበቅ እንደሚችል ተደንግጓል። ስሙ ያለ አግባብ የጠፋበት ሰው፣ መሪም ቢሆን፣ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት መክሰስ ይችላል። ይህ መብት ነው፤ አንነፍገውም። መሪ ፍርድ ቤት መሄዱን የምንነቅፍበትም ምክንያት የለንም። ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው ቢያንስ «ልሸነፍ እችላለሁ» ብሎ ተነሥቷል። የሚያስፈራው ፍርድ ቤት መሄድ የማያስፈልገው መሪ ነው።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ይህን ጥያቄ ሲያነሡ «ዝም በሉ፣ ፖለቲካ ነው» አትበሏቸው። ጥያቄው በየቤታችንም አለ። የባልና የሚስት ገመና፣ የጎረቤት ጉድለት፣ የታማሚ ሕመም አማና ነው፤ ማውራቱ ሐሜት ነው። የየቲም ገንዘብ ሲበላ ያየ፣ የሕዝብ ገንዘብ ሲባክን የመዘገበ፣ ሰው ያለ ወንጀሉ ሲመታ የሰማ ግን የያዘው ነገር የራሱ ገመና አይደለም። ኢማም አን-ነወዊይ ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ፣ የተበደለ ሰው አቤቱታ ማሰማትንና ሰዎችን ከጉዳት ማስጠንቀቅን ከነዚያ መካከል ቆጥረዋል። የሰው ጉድለት ለማዝናኛ መዘርዘር ግን ከስድስቱ ውስጥ የለበትም። ለመጻፍ የሚነሣም ሰው ብዕሩን ሳያነሣ ልቡን ይጠይቅ፦ ይህን የምጽፈው ቂሜን ልወጣ ነው ወይስ የተበደለን ልረዳ?

ከኤረር ስንነሣ ያ ወጣት ሊሸኘን መጣ። «አሁን ገባኝ መሰለኝ» አለ። «የመሪው ገመና የመሪው ነው። የእኛ ነገር ግን በእርሱ እጅ ስለተቀመጠ የእርሱ አይሆንም።»

ሽማግሌው ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ያ በዓሉ የሚሉት ሰው አንድ ዳኛ ቢያገኝ ኖሮ» አሉ፣ «ቢፈረድበት እንኳ ልጆቹ የት እንዳለ ባወቁ ነበር።»

ወላሁ አዕለም።