ሚዛኑን ተወዳዳሪው ይዞት ሲመጣ

መስከረም 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሹራ ቂጣታ የለንደን ማራቶንን በአንድ ሰከንድ ብልጫ አሸነፈ፤ 2 ሰዓት ከ05 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ። ዳኛ ቆሟል፣ ካሜራ ቀርጿል፣ ማንም ቅር ያለው የለም። በዚያው ዕለት ግን ኮቪድ ከጎዳናው ያስቀራቸው ከ37 ሺህ በላይ ሰዎች ያንኑ ርቀት በየሰፈራቸው ሮጠው ጨረሱ። የእነሱ ዳኛ ስልካቸው ነበር።

ለጤና ለሚሮጥ ሰው ስልክ ይበቃል። ማዕረግና ሽልማት ሲመጣ ነው ነገሩ የሚከረው። ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በስክሪን ላይ የዓለም ሻምፒዮና ያካሂዳል። ብስክሌተኛው ቤቱ ሆኖ፣ ከቦታዋ በማትነቃነቅ ብስክሌት ላይ ላቡ እየተንጠባጠበ ፔዳል ይረግጣል። መሣሪያው ጉልበቱን በዋት ይለካል፤ ኮምፒውተሩ ያንን ከክብደቱ ጋር አስልቶ በስክሪኑ ዳገት ላይ ያስኬደዋል። ክብደቱን ማን ነገረው? ራሱ ብስክሌተኛው! 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው 300 ዋት ሲያወጣ ለአንድ ኪሎ 4 ዋት ይደርሰዋል። «65 ነኝ» ብሎ ከጻፈ 4.6 ይሆናል፤ ሳይደክም ዳገቱን ቀድሞ ይወጣል። ሻጭ የገዛ ሚዛኑን ይዞ የሚመጣበት ገበያ ማለት ይኸው ነው። ለዚህም ነው በትልልቆቹ ውድድሮች ተወዳዳሪዎች ሲመዘኑ በቪዲዮ እንዲቀረጹ፣ ጉልበታቸውንም በሁለት መለኪያ እንዲያስመዘግቡ የሚጠየቁት።

ውሸት እንኳ ባይኖር ሌላ ጣጣ አለ። በደቡብ ወሎ፣ መካነ ሰላምን ይዞ ወደ ወግዲ በሚዘልቀው ደጋ አንድ ወጣት ይህን መሣሪያ አገኘ እንበል። ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሰው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ደጋ ቢያድግም የሚያወጣው ዋት መቀነሱ አይቀርም። በእውነተኛ መንገድ ላይ ስስ አየር ይክሰዋል፤ ፊት ለፊት የሚገፋው አየር ስስ ነውና። ብስክሌተኛው ኤዲ መርክስ በ1972 (እ.ኤ.አ.) የአንድ ሰዓቱን ክብረ ወሰን ለመስበር ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ የወጣው ይህን አስቦ ነው። ክፍል ውስጥ ግን ፊት ለፊት የሚገፋ አየር የለም። የውድድሩ መተግበሪያ ክብደትና ቁመት ይጠይቃል፤ የት ከፍታ ላይ እንደምትተነፍስ አይጠይቅም። ጉዳቱ ይቆጠራል፣ ካሣው ይቀራል።

በ2024 (እ.ኤ.አ.) የሻምፒዮናው ፍጻሜ አቡዳቢ ላይ፣ ሁሉንም በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ ተካሄደ። አንድ አየር፣ አንድ ዳኛ። እዚያ የሚያደርሰው ማጣሪያ ግን አሁንም በየቤቱ ነበር።