የውሻን ፀጉር በቤት ውስጥ ማቅለም፦ አሠራሩና ጥንቃቄው

ውሻን ማቅለም ሲባል ከቆዳው በላይ ያለውን የፀጉር ክፍል፣ እንስሳው ቢልሰው እንኳ በማይጎዳው ማቅለሚያ፣ ለተወሰነ ጊዜ ከተፈጥሮው የተለየ መልክ ማስያዝ ማለት ነው። ልማዱ ይበልጥ የተስፋፋው በሰሜን አሜሪካና በምሥራቅ እስያ ሲሆን፣ በፔንስልቬንያ ግዛት በኸርሺ ከተማ በሚካሄደው የእንስሳት ፀጉር አስተካካዮች ትርኢት ላይ ባለሙያዎች ፑድል የተባለውን ባለ ጥቅጥቅ ፀጉር ዝርያ በኅብረ ቀለም አስጊጠው ይወዳደራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ በቻይና ጂያንግሱ ክፍለ ሀገር የሚገኘው የታይጆ መካነ እንስሳት ቻው ቻው የተባሉ ውሾችን ጥቁርና ነጭ አቅልሞ በፓንዳ አምሳል ለጎብኚ በማቅረቡ ክርክር ተነሥቷል። ከዚህ ሥራ ውሻው የሚያገኘው ጥቅም ስለሌለ፣ ጉዳት እንዳይደርስበት የመጠንቀቁ ኃላፊነት ሙሉ በሙሉ የሚወድቀው በባለቤቱ ላይ ነው።

የጥንቃቄው መነሻ የውሻ ቆዳና ፀጉር አፈጣጠር ነው። ፀጉር ኬራቲን ከተባለ ፕሮቲን የተሠራ ሲሆን፣ ውጭውን እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ሽፋን ይከልለዋል፤ የተፈጥሮ ቀለሙን የሚሰጠው ሜላኒን የተባለው ንጥረ ነገር የሚገኘው ከዚህ ሽፋን በታች ነው። በውሻ ላይ ከአንድ የፀጉር ጉድጓድ ብዙ ዘለላዎች አብረው ስለሚበቅሉ፣ ረጅሙ የላይኛው ፀጉርና ለስላሳው የውስጥ ፀጉር ተደራርበው የፈሰሰባቸውን ነገር ከቆዳው አጠገብ አምቀው ያቆዩታል። የቆዳው የላይኛው ንጣፍም በሰው ላይ ከ10 እስከ 15 የሕዋስ ድርብ ሲኖረው በውሻ ላይ ግን ከ3 እስከ 5 ብቻ ነው፤ የሰው ቆዳ 5.5 ገደማ በሆነ ፒኤች፣ ማለትም በአሲድነት መለኪያ፣ ወደ አሲድ ሲያደላ የውሻው ግን ወደ 7 ይጠጋል። ስለዚህ ለሰው ራስ የተቀመመ ነገር ሁሉ ለውሻ ይስማማል ብሎ መገመት አይቻልም።

ዘላቂው የሰው ፀጉር ቀለም የሚሠራው አሞኒያው ቅርፊቱን ከፍቶ፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱ ሜላኒኑን አንጥቶ፣ ፓራፌኒሊንዳያሚን የተባለው ውሁድ ደግሞ በፀጉሩ ውስጥ ወደ ቀለምነት ሲለወጥ ነው። እነዚህ ነገሮች ስስ የሆነውን የውሻ ቆዳ ያቃጥላሉ፤ ሲላሱም ምላስንና ጉሮሮን ይልጣሉ፣ ሊመርዙም ይችላሉ። በፍሎሪዳ ግዛት የፒኔላስ ካውንቲ የእንስሳት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ይፋ ያደረገው የአንዲት ትንሽ ማልቲዝ ውሻ ጉዳይ ለዚህ ምስክር ነው፤ በሰው ፀጉር ቀለም ወይን ጠጅ የተደረገችው ይህች ውሻ ቆዳዋ ተቃጥሎና ተገሽልጦ፣ ዓይኖቿም አብጠው ከተገኘች በኋላ፣ ወራት በፈጀ ሕክምና ዳነች። «ጥቁር ሂና» ተብሎ የሚሸጠው ቅባትም ብዙ ጊዜ ይኸው ፓራፌኒሊንዳያሚን ስለሚቀላቀልበት ከንጹሑ የሂና ቅጠል ጋር ሊምታታ አይገባም።

ከተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ ደኅና ነው ማለትም ስሕተት ነው። የሽንኩርት ልጣጭ ጨርቅን አሳምሮ የሚያቀልም ቢሆንም ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል፤ ቡና፣ ሻይና ካካዎ በያዟቸው አነቃቂ ንጥረ ነገሮች ምክንያት ልብን ያውካሉ፤ በአንዳንድ ስኳር አልባ ዱቄቶች ውስጥ የሚገኘው ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫም ለውሻ መርዝ ነው። የተሻለው ምርጫ ለውሻ ተብሎ የተዘጋጀ፣ አሞኒያና ፐርኦክሳይድ የሌለበት ጊዜያዊ ማቅለሚያ ሲሆን፣ ከማእድ ቤት ደግሞ የቀይ ስር ጭማቂ ወይም በውሃ የሚሟሟ የምግብ ቀለም ሊያገለግል ይችላል። በውሃ በጣም የቀጠነ አቼቶ በምግብ ቀለሙ ላይ በጠብታ ሲጨመር አሲዱ በኬራቲኑ ላይ አዎንታዊ ሙል ስለሚፈጥር፣ አሉታዊ ሙል ያለው ቀለም ከፀጉሩ ጋር ይያያዛል። ሆኖም ማቅለሚያው ለጤና የማያሰጋ መሆኑ ከሕግ አያድንም፤ በኮሎራዶ ግዛት በቦልደር ከተማ እ.ኤ.አ. በ2008 ፑድሏን በቀይ ስር ሮዝ ያደረገች የውበት ሳሎን ባለቤት የተከሰሰችው፣ ለፋሲካ የሚቀለሙትን ጫጩቶችና ጥንቸሎች ለመጠበቅ በወጣ ደንብ ነበር።

ማቅለሙ የሚያምረው በነጭ ወይም በፈዘዘ ፀጉር ላይ ብቻ ነው፤ ጥቁሩን ለማቅለም ማንጣት ስለሚያስፈልግና ማንጣት ፈጽሞ የማይደረግ ስለሆነ፣ ጥቁር ውሻ እንዳለ ይተዋል። ቡችሎች፣ ያረገዙ፣ ያረጁ፣ ቁስል ወይም የቆዳ ሕመም ያለባቸው፣ እንዲሁም በቅርቡ የተላጩ ውሾችም አይቀለሙም። ለሌሎቹ በቅድሚያ ጥቂት ቀለም በውስጠኛው ጭን ላይ ተቀብቶ ለ48 ሰዓት ይጠበቃል፤ መቅላት ወይም ማሳከክ ካልታየ ውሻው ታጥቦ፣ ደርቆና ተበጥሮ፣ ጓንት ባጠለቀ እጅ ጅራቱ ወይም የእግሩ ፀጉር ይቀለማል። ዓይን፣ አፍ፣ የጆሮ ውስጥና ብልት አካባቢ አይነኩም፤ መመሪያው የፈቀደው ጊዜ እስኪያበቃም ውሻው እንዳይልስ ሰው ከጎኑ አይለይም። ከዚያ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ለብ ባለ ውሃ ይለቀለቃል፤ የሚያቃጥል የፀጉር ማድረቂያ ግን አይጠቀሙበትም። ቆዳው ከቀላ፣ ውሻው ካለከለከ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ ወይም ካስመለሰ ብዙ ውሃ እያፈሰሱ ማጠብና የማቅለሚያውን ዕቃ ይዞ ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል፤ ሐኪሙ ሳያዝም በግድ ማስመለስ አይገባም።

የውሻ ዓይን ቀለም የሚለዩ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ብቻ ስላሉት፣ ሰማያዊንና ቢጫን እንጂ ቀይንና አረንጓዴን ለይቶ አያይም፤ በመሆኑም ባለቤቱ የሚደነቅበትን ሮዝ እርሱ በዚያው መልኩ አያየውም። ለእርሱ ማቅለም ማለት የውሃው መፍሰስ፣ የባለቤቱ እጅ ጫናና ከአፍንጫው የማይጠፋው ሽታ ነው። ስለዚህ ሥራው ሊጀመር የሚገባው ውሻው ረጋ ብሎ ሲቆም ብቻ ነው፤ ጭራውን ወትፎ ሲሸሽ ግን፣ ቀለሙ ተበጥብጦ የቀረበ ቢሆንም እንኳ፣ መድፋት ይገባል።