ቪዲዮ ስናቀናብር ኮምፒውተሩ ለምን ይጎተታል?

ትምህርት በቪዲዮ እየቀረጽን ማዘጋጀት ከጀመርን ወዲህ ከመምህራንም ከተማሪዎችም የሚቀርብልን ጥያቄ አንድ ነው። ፋይሉ የተቀመጠው በጋራ ሰርቨሩ ላይ ነው፤ ቅንብሩ ሲጀመር ግን ምስሉ ይቆራረጣል፣ ድምፁ ቀድሞ ይሄዳል። መብራት የምናገኘው ጀኔሬተሩ በሚሠራባቸው ጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለሆነ በመጠበቅ ያለፈው ሰዓት ለፈተና መድረስ ካለበት ትምህርት ላይ የሚቀነስ ነው።

ብዙዎቻችን ወዲያው «ኢንተርኔቱ ነው» እንላለን። አይደለም። ሰርቨሩ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ኢንተርኔት ጨርሶ ባይኖርም ቅንብሩ መሥራት አለበት።

መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንለይ። አንዱን ቪዲዮ ወደ ራሳችን ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ኮፒ አድርገን ከዚያው እንክፈተው። አሁንም ከተቆራረጠ ሰርቨሩንና ኬብሉን መውቀስ ትተን ኮምፒውተሩን እንይ። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ በጣም ተጨምቆ የሚቀመጥ ነው። ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ምስል የሚያወጣው ከአጠገቡ ካሉት ምስሎች እያሰላ ስለሆነ ለአሮጌ ማሽን ከባድ ሸክም ነው። ሳይቆራረጥ ከሄደ ግን ችግሩ መንገዱ ላይ ወይም ሰርቨሩ ላይ ነው ማለት ነው።

መንገዱን በቁጥር እንየው። የኔትወርክ ፍጥነት የሚለካው በቢት ሲሆን የፋይል መጠን ግን በባይት ነው፤ 8 ቢት 1 ባይት ይሆናል። ስለዚህ «100 ሜጋቢት» የሚባለው ስዊች በሴኮንድ ቢበዛ 12.5 ሜጋባይት፣ በተግባር ደግሞ 11 ገደማ ነው የሚያሳልፈው። በሴኮንድ 24 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ ፋይል 3 ሜጋባይት ይፈልጋል። አንድ ሰው ሁለት ምስል ደርቦ ሲሠራ 6፣ ሁለት ሰዎች እንዲሁ ሲሠሩ 12 ሆነ። አለቀ፣ ከሰርቨሩ የሚወጣው መንገድ ሞላ! በዋየርለስ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ አየሩን ሁሉም ስለሚጋራው አንዱ ሲያወርድ ሌላው ይጠብቃል።

ጊጋቢት፣ ማለትም 1000 ሜጋቢት ስዊች ተገዝቶም 100 ላይ የሚቀር ኮምፒውተር አለ። ጊጋቢት በኬብሉ ውስጥ ያሉትን 8ቱንም ሽቦዎች ይፈልጋል፤ ለ100 ግን 4ቱ ይበቃሉ። ኬብሉ ሲረገጥ ሲረገጥ ከቀሪዎቹ 4 አንዷ ብትበጠስ መስመሩ ደህና የሚሠራ ይመስላል፣ ፍጥነቱ ግን ብዙ ጊዜ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። የኮምፒውተሩን የኔትወርክ መስኮት ከፍታችሁ ቁጥሩን አንብቡ። 100 ካለ አዲስ ዕቃ ከመጠየቅ በፊት ኬብል ቀይሩ፤ ይህን ሳያዩ ማመልከቻ መጻፍ እንደ እኛ አስተያየት ድካም ነው።

ለሁለቱም ችግር የሚበጀው ግን ፕሮክሲ ነው። ፕሮክሲ ማለት ከዋናው ቪዲዮ የተሠራ ትንሽና ቀላል ቅጂ ነው። ቅንብሩን በቅጂው ሠርተን የመጨረሻው ቪዲዮ ሲወጣ ፕሮግራሙ ራሱ ዋናውን ይወስዳል። ኬደንላይቭ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ያደርጋል። ፕሮክሲው ራሳችን ሃርድ ዲስክ ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ አይረሳ፤ ሰርቨሩ ላይ ከተቀመጠ ጥቅሙ ግማሽ ነው። ቅጂዎቹን ማዘጋጀት ጊዜ ስለሚወስድ ጀኔሬተሩ እንደተነሳ ይጀመር፣ እስኪያልቅ ድረስ ተማሪዎች ጽሑፉን ያንብቡ። የቅንብሩ ፋይል ደግሞ መብራት ሊጠፋ 15 ደቂቃ ሲቀረው ወደ ሰርቨሩ ይመለስ።