ጥቁር ናፍጣ፡ ሽታው ሲጠፋ ነው የሚያስፈራው

ልደታ ላደገ ሰው የፋብሪካ ጭስ ብርቅ አይደለም፡፡ ባለፈው ሰሞን ከሰፈራችን በማይርቅ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ቦይለር ሲያንቀሳቅሱ የኖሩ አንድ አዛውንት አግኝቼ ነበር፡፡ “ጋሼ፣ የጥቁር ናፍጣው ታንከር ሲጸዳ ውስጡ አደጋ እንደሌለው በምን ያውቁ ነበር?” አልኳቸው፡፡ “በአፍንጫ ነዋ ልጄ! ካልሸተተን እንገባለን” አሉኝ፡፡ ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ይኸው መልስ ነው፡፡

ለመሆኑ ጥቁር ናፍጣ ምንድን ነው? ድፍድፍ ነዳጅ ሲጣራ ቤንዚኑ፣ ኬሮሲኑና መኪና የሚነዳበት ነጭ ናፍጣ ተንነው ይወጣሉ፡፡ ከታች የሚቀረው ወፍራም ዝቃጭ ከባድ ጥቁር ናፍጣ ይባላል፡፡ ከቀጭን ነዳጅ ጋር ሲደባለቅ ደግሞ ቀላል ጥቁር ናፍጣ ይሆናል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1967 ሥራ የጀመረው የአሰብ ማጣሪያ ያመርተው ነበር፡፡ ማጣሪያው በ1997 ከቆመ ወዲህ ግን ነዳጃችን ተጣርቶ ከውጭ ይገባል፤ ከጅቡቲም በቦቴ ይጓጓዛል፡፡

ጥቅሙ ብዙ ነው፡፡ ዋጋው ከነጭ ናፍጣ ይረክሳል፣ ሙቀቱም ከፍተኛ ነው፡፡ በቢራ፣ በጨርቃ ጨርቅና በሳሙና ፋብሪካዎች ቦይለር ውስጥ እየነደደ እንፋሎት ይሰጣል፡፡ ሙገርን የመሳሰሉ ሲሚንቶ ፋብሪካዎችም ወደ ድንጋይ ከሰል ከመዞራቸው በፊት 1,450 ዲግሪ ገደማ የሚደርሰውን እቶናቸውን ያነዱበት ነበር፡፡

ችግሩ ሲቀዘቅዝ እንደ ሬንጅ መወፈሩ ነው፡፡ ስለዚህ በፓምፕ እንዲሄድ በታንከሩ ውስጥ ይሞቃል፤ በርነሩ ጋ ሲደርስ ከ100 ዲግሪ በላይ እንዲግል ይደረጋል፡፡ እዚህ ላይ ውኃ ጠላቱ ነው፡፡ ከታንከሩ ሥር የተጠራቀመ ውኃ ከ100 ዲግሪ ካለፈ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 1,600 እጥፍ ገደማ ይሰፋል፡፡ የጋለውን ናፍጣም ሽቅብ ይረጨዋል፡፡

ከሁሉ የከፋው ግን የማይታየው ነው፡፡ በናፍጣው ውስጥ ያለው ድኝ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል፡፡ ጋዙ በታንከሩ ባዶ ክፍል ይጠራቀማል፡፡ በጥቂቱ ሲሆን እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፡፡ ከአንድ ሚሊዮን እጅ አየር ውስጥ 100 እጅ ያህል ሲደርስ ግን አፍንጫን ያደነዝዛል፤ ሽታው የጠፋ ይመስላል፡፡ ከ500 እጅ በላይ ሲሆን ሰውን ወዲያው ሊጥል ይችላል፡፡ የወደቀውን ለማውጣት ተከትሎ የሚገባውም አብሮ ይወድቃል፡፡ እንግዲህ “ካልሸተተን እንገባለን” ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ፡፡

ጭሱም ቀላል አይደለም፤ ድኙ ሲቃጠል ደረትን የሚያፍን ጋዝ ይሆናል፡፡ መርከቦች የሚያነዱት ነዳጅ ድኝ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ከ3.5 ወደ 0.5 በመቶ ዝቅ እንዲል ዓለም አቀፍ ሕግ ወጥቷል፡፡ ሕጉ ግን የመርከብ እንጂ የሰፈር ቦይለር አይደለም፡፡

መፍትሔው ውድ አይደለም፡፡ ታንከሩ ባዶ ይሁን፣ በደንብ ይናፈስ፣ አየሩ በጋዝ መለኪያ ይለካ፡፡ የሚገባው ሰው የመተንፈሻ መሣሪያ ይልበስ፣ በገመድ ይታሰር፤ ገመዱን የያዘ ሰውም ውጭ ይቁም፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው፡፡

አዛውንቱን ስሰናበታቸው የጋዙን ነገር ነገርኳቸው፡፡ ጥቂት ዝም አሉና “ታዲያ እስከ ዛሬ ያኖረን እግዜር ነው በለኛ!” አሉ፡፡ ለተተኪዎቻቸው ግን መለኪያም ይገዛላቸው፡፡