በሙቀት ስለሚረጋ መድኃኒት

ቅቤ በብርድ ጊዜ ይረጋል፥ እሳት ሲያገኘው ይቀልጣል። ቡላ ደግሞ በውሃ ተበጥብጦ በእሳት ላይ ሲበስል ይወፍራል፤ ከበሰለ በኋላ ግን ቢቀዘቅዝ ወደ ቀድሞው ቅጥነት አይመለስም። ይህን የጉብሬ ልጅ ኹሉ ከእናቱ ጓዳ ያውቀዋል። አኹን ለመምህራንና ለሽማግሎች የምንገልጸው ነገር ግን ከኹለቱም የተለየ ነው፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ውሃ ይፈሳል፥ ሲሞቅ ይረጋል፥ ዳግመኛ ቢቀዘቅዝ ተመልሶ ይፈሳል።

ስሙ ፖሎክሳመር ይባላል። በሰው ጥበብ የተሠራ ሲኾን፥ እያንዳንዱ ቅንጣት እንደ ረጅም ክር ነው። የክሩ ኹለት ጫፎች ውሃን ይወድዳሉ፤ መካከሉ ግን በብርድ ጊዜ ከውሃ ጋር ተስማምቶ ይቈይና ሙቀት ሲመጣ ውሃን ይሸሻል። በዚያን ጊዜ ክሮቹ በመካከላቸው እርስ በርሳቸው ተሰብስበው በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን እንክብሎች ይኾናሉ፤ እንክብሎቹም ተጨናንቀው መላወሻ ሲያጡ ፈሳሹ ይረጋል። ይህም የሚኾነው ፖሎክሳመሩ በውሃው ውስጥ ሲበዛ፥ ይኸውም ከመቶው 20 እጅ ያህል ሲኾን ነው። የሰው ሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ያህል ስለ ኾነ፥ ቀዝቅዞ የገባው ፈሳሽ በውስጥ ይረጋል።

ጥቅሙስ ምንድር ነው? ብዙ መድኃኒት በገባበት ስፍራ አይቈይም፤ በዓይን የተንጠባጠበውን እንባ ያጥበዋል፥ በኵላሊት የገባውን ሽንት ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ የአሜሪካ መንግሥት የመድኃኒት መሥሪያ ቤት፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2015፥ በጆሮአቸው ውስጥ ፈሳሽ ተቋጥሮ ቱቦ ለሚገባላቸው ሕፃናት ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው መድኃኒት በፖሎክሳመር ተደርጎ እንዲሰጥ ፈቀደ። በ2020 ደግሞ ሚቶማይሲን የተባለው መድኃኒት በዚሁ ዐይነት ኾኖ፥ ከኵላሊት በሚወርደው የሽንት መንገድ ላይ ለሚወጣ ነቀርሳ ተፈቀደ። ይህ መድኃኒት ቀዝቅዞ በቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ከረጋም በኋላ ሽንት ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥቂት በጥቂት ያሟሟዋል። እስከዚያው መድኃኒቱ ከበሽታው ጋር ይሠራል።

ከዚህ የምንማረው ቅዝቃዜው ራሱ የመድኃኒቱ ክፍል መኾኑን ነው። ያ የጆሮ መድኃኒት ጠርሙሱ በመዳፍ ቢጨበጥ በእጅ ሙቀት ስለሚረጋ፥ ሐኪሙ ክዳኑን በያዘው ብረት በኩል እንዲይዘው ታዝዞ ነበር። እንግዲህ ሐኪም በብርድ ይቀመጥ ያለውን መድኃኒት ማንም ሰው ለታማሚው አዝኖ በብብቱ ወይም በምድጃ አጠገብ አያሙቀው፤ ሐኪም ያላዘዘውንም አያቀዝቅዘው። ቅቤና ቡላም ለትምህርት ምሳሌ ናቸው እንጂ መድኃኒት አይደሉምና በጆሮ አይጨመሩ።

መምህር ቅቤውንና ቡላውን በትምህርት ቤት አቅርቦ ያሳይ፥ ሦስተኛውንም በቃል ያስረዳ። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ በጉብሬ ይገኛልና፥ ዛሬ ቅቤ ስለ ምን ይቀልጣል ብሎ የሚጠይቅ ሕፃን ነገ ከዚያ ገብቶ የመድኃኒትን ጥበብ ሊማር ይችላል። ስለዚህ ጠያቂውን ልጅ ዝም በል አንበለው።